የኢኮኖሚ ድቀት ያልፋል፤ በሠራተኛው ላይ የሚተወው ጠባሳ ግን ይቀራል

የካፒታሊስት የምርት ሥርዓት ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ እድገቱ በቀጥታ መስመር የተጓዘበት ዘመን የለም። ምርት ይስፋፋል፣ ገበያ ይደራል፣ ቅጥር ይበዛል፤ ከዚያም ሸቀጡ ገዥ ያጣል፣ ባንኮች የብድር እጃቸውን ይሰበስባሉ፣ ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፣ ወዝአደሩም ከሥራ ይሰናበታል። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ደግሞ ምርት እንደገና ያንሠራራል፤ ጋዜጦችም «ድቀቱ አበቃ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ዑደት በተደጋገመ ቁጥር የከበርቴው ኢኮኖሚ ጠበቆች የሚሰጡት ማጽናኛ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ድቀት ጊዜያዊ ስለሆነ ሠራተኛው ጥቂት ወራት ታግሦ ቢጠብቅ የጠፋው ሥራና ደመወዝ ተመልሶ ይመጣል የሚል ነው።

ይህ አባባል ምን ያህል እውነትነት አለው? ሥራውን ያጣ ሰው የሚያጣው የጥቂት ወራት ደመወዝ ብቻ ነውን? ወይስ ሌላ ሥራ ካገኘ በኋላም እንኳ የማይመለስለት ነገር አለ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለፉት አምሳ ዓመታት ውስጥ በተፈጸሙ ነገሮችና በተደረጉ ጥናቶች ላይ ተመርኩዞ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ስለ ውጭ አገሮች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በወረቀት ላይ ያበቃ ድቀት

በቅርቡ ዘመን ከተከሠቱት ድቀቶች ሁሉ ትምህርት ሰጪ የሆነው በ2007 መጨረሻ በአሜሪካ የጀመረው ነው። በዚያች አገር ድቀት መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳበቃ የሚወስነው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ የተባለ ተቋም ሲሆን፣ በእርሱ ውሳኔ መሠረት ድቀቱ በታኅሣሥ 2007 ጀምሮ በሰኔ 2009 አብቅቷል። ከሰኔ 2009 በኋላ ምርት ማደግ በመጀመሩ፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ድቀት በእርግጥም ተዘግቷል።

ነገር ግን ድቀቱ «ካበቃ» ከአራት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2009፣ ከመቶ ሠራተኞች አሥሩ ሥራ አጥ ነበሩ፤ ይህም ከድቀቱ ወራት ሁሉ የበለጠ ቁጥር ነው። 8.7 ሚልዮን ያህል የሥራ ቦታዎች ጠፍተው ነበር። የሥራ ቦታዎቹ ቁጥር ወደ ቀድሞው መጠን የተመለሰው በግንቦት 2014 ሲሆን፣ የሥራ አጥነቱ መጣኔ ከድቀቱ በፊት ወደነበረበት ወደ 5 በመቶ የወረደው በ2015 መጨረሻ ነው። በ2010 ደግሞ ከሥራ አጦቹ መካከል ወደ 45 በመቶ የሚጠጉት ሥራ ካጡ ከስድስት ወር በላይ ሆኗቸው ነበር። እንግዲህ በከበርቴው መዝገብ አሥራ ስምንት ወራት የፈጀው ድቀት፣ በሠራተኛው መዝገብ ስምንት ዓመታት ፈጅቷል ማለት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። እነዚህ አገር አቀፍ ቁጥሮች የሚነግሩን ስንት ሰው በሥራ ላይ እንደሚገኝ ብቻ ነው። በ2008 ከፋብሪካ የተሰናበተው ሰው በ2015 ምን ሠርቶ፣ ምን ተከፍሎት እንደሚኖር አይነግሩንም። ቁጥሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ ማለት ሰውየው ወደ ነበረበት ተመለሰ ማለት አይደለም። ይህን ለማወቅ አንዱን ሠራተኛ ከዓመት ወደ ዓመት መከተል ያስፈልጋል።

የፔንስልቬንያ ሠራተኞች እጣ

እንዲህ ያለው ክትትል በሰፊው ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ የከባድ ኢንዱስትሪ እምብርት የነበረችው የፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የዋጋ ንረት እጅግ በርትቶ ስለነበር፣ በነሐሴ 1979 የማዕከላዊው ባንክ ሊቀ መንበር ሆነው የተሾሙት ፖል ቮልከር ንረቱን ለመግታት ገንዘብን ማጥበቅ መረጡ። ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ በ1981 ወደ 19 በመቶ ደረሰ። ብድር ሲወደድ ቤት የሚሠራና መኪና የሚገዛ ጠፋ፤ ቤትና መኪና ሲቀር ደግሞ ብረት የሚፈልግ ጠፋ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1982 የአገሪቱ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ሆነ። የዋጋ ንረቱ በእርግጥ ወረደ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ማን ነበር?

መልሱን ከፒትስበርግ ከተማ አጠገብ በሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳርቻ ማግኘት ይቻላል። በዚያ የነበረው የሆምስቴድ የብረት ፋብሪካ በ1881 የተቋቋመ፣ በ1892 በተደረገው ደም ያፋሰሰ የሥራ ማቆም ትግል በዓለም የሠራተኞች ታሪክ ስሙ የታወቀ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወደ 15,000 ሠራተኞች የነበሩት ግዙፍ ተቋም ነበር። ይህ ፋብሪካ በ1986 ተዘጋ። ዛሬ በቦታው ላይ የሚገኘው የገበያ ማዕከል ሲሆን፣ ከጥንቱ ፋብሪካ ለመታሰቢያ ያህል አሥራ ሁለት የጭስ ማውጫዎች ቆመው ይታያሉ።

የክፍለ ግዛቲቱ ሠራተኞችስ ምን ሆኑ? ሉዊስ ጃኮብሰን፣ ሮበርት ላሎንድና ዳንኤል ሰለቫን የተባሉ ሦስት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1993 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። አጥኚዎቹ የፔንስልቬንያ ሠራተኞችን የደመወዝ መዝገብ ከ1974 እስከ 1986 ድረስ በየሩብ ዓመቱ ተከታትለው፣ በአንድ ድርጅት ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግለው ድርጅቱ ብዙ ሠራተኛ በቀነሰ ጊዜ የተሰናበቱትን፣ በሥራቸው ላይ ከቆዩት መሰሎቻቸው ጋር አነጻጸሩ። የደረሱበትም ውጤት የብዙዎችን እምነት ያናወጠ ነበር። የተሰናበቱት ሠራተኞች ሥራ ባጡ በስድስተኛው ዓመት እንኳ ዓመታዊ ገቢያቸው ሥራ ባያጡ ኖሮ ሊያገኙት ከሚገባው በአማካይ በ25 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም በላይ የገቢያቸው ማሽቆልቆል የጀመረው ከመሰናበታቸው ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት የትርፍ ሰዓት ሥራው ቀርቶ፣ የሥራ ሰዓቱ ተቀንሶ፣ የደመወዝ ጭማሪው ቆሞ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ወይም ሙያ የሌላቸው አልነበሩም። በተቃራኒው፣ በአንድ ቦታ ረግተው ለዓመታት የሠሩ፣ በልምዳቸው የተመሰገኑ ሠራተኞች ነበሩ። ጉዳቱ የከፋባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ ለምን ቶሎ አይሽርም?

አንደኛ፣ የሠራተኛ ሙያ በአብዛኛው ከሚሠራበት ቦታ ጋር የተሳሰረ ነው። ሃያ ዓመት በአንድ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ፊት የቆመ ሰው የምድጃውን ጠባይ በእሳቱ ቀለምና በድምፁ ያውቀዋል፤ የትኛው መሣሪያ መቼ እንደሚያስቸግር፣ በአደጋ ጊዜ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ይህ እውቀት በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ከፍተኛ ዋጋ አለው። ፋብሪካው ሲዘጋ ግን በሌላ ቀጣሪ ዘንድ እንደ ሙያ አይቆጠርም። ሰውየው ባለሙያ ሆኖ ከአንዱ በር ይወጣል፤ ጀማሪ ሆኖ በሌላው በር ይገባል።

ሁለተኛ፣ የሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ቀን ድርድር የሚወሰን ሳይሆን በእርከን የሚያድግ ነው። በአገልግሎት ዘመን የሚገኝ ጭማሪ፣ በሠራተኛ ማኅበርና በኅብረት ስምምነት የተገኘ መብት፣ የጡረታና የሕክምና ዋስትና፣ እነዚህ ሁሉ የዓመታት ትግልና ላብ ውጤቶች ናቸው። ሥራው ሲጠፋ መሰላሉ ራሱ ይጠፋል። በአዲሱ መሥሪያ ቤት የሚጀመረው ከመጀመሪያው እርከን ነው፤ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ደግሞ ያንኑ መሰላል እንደገና ለመውጣት የሚበቃ ዘመን አይቀረውም።

ሦስተኛ፣ ሥራ ፈትቶ መቆየት ራሱ ሌላ ሥራ እንዳይገኝ እንቅፋት ይሆናል። ኮሪ ክሮፍትና ሁለት ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ በመቶ ከተሞች ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 12,000 ያህል የፈጠራ ማመልከቻዎችን ልከው ነበር። በማመልከቻዎቹ ላይ አመልካቹ ሥራ ሳይኖረው የቆየበት ጊዜ ሲረዝም ለቃለ መጠይቅ የመጠራቱ እድል እየቀነሰ ሄደ፤ ቅነሳው የበረታውም በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ውስጥ ነው። ያው ሙያ፣ ያው ልምድ እያለው፣ ሰውየው በገዛ ሥራ አጥነቱ ተጠርጣሪ ይሆናል።

አራተኛውና ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛ የሆነው ምክንያት ጊዜው ነው። ፋብሪካ በደኅና ዘመንም ሊዘጋ ይችላል። ስቲቨን ዴቪስና ቲል ፎን ቫክተር በ2011 ባቀረቡት ጥናት የተሰናበቱ ሠራተኞችን ገቢ ለሃያ ዓመት ያህል መርምረዋል። የአገሪቱ ሥራ አጥነት ከ6 በመቶ በታች በሆነበት ጊዜ በጅምላ ቅነሳ የተሰናበተ ወንድ ሠራተኛ በቀሪው ዘመኑ የሚያጣው ቀድሞ ያገኝ የነበረውን የ1.4 ዓመት ገቢ ያህል ነው። ሥራ አጥነቱ ከ8 በመቶ በላይ በሆነበት ጊዜ የተሰናበተው ግን የ2.8 ዓመት ገቢ ያህል ያጣል። በድቀት ጊዜ ሁሉም ሥራ ፈላጊ፣ ቀጣሪውም መራጭ ስለሚሆን፣ ቤተሰብ ያለበት ሠራተኛ ያገኘውን ሥራ በተሰጠው ዋጋ ይቀበላል። የወደቀበት ሳይሆን የወደቀበት ቀን ጉዳቱን እጥፍ አደረገው።

ከደመወዝ ያለፈ ኪሣራ

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ዳንኤል ሰለቫንና ቲል ፎን ቫክተር በ2009 ባሳተሙት ጥናት የእነዚያኑ የፔንስልቬንያ ሠራተኞች መዝገብ ከሞት መዝገብ ጋር አገናኝተው ነበር። ረጅም አገልግሎት የነበራቸው ወንዶች ሥራ ባጡ ማግሥት በነበረው ዓመት የመሞት አደጋቸው ከ50 እስከ 100 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ቢሄድም ከሃያ ዓመት በኋላም ፈጽሞ አልጠፋም። በአርባ ዓመቱ የተሰናበተ ሠራተኛ ከእድሜው ከአንድ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያህል እንደሚያጣ አስልተዋል።

ልጆቹም ከዚህ እጣ አያመልጡም። በካናዳ የተደረገና በ2008 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ድርጅታቸው ተዘግቶ ሥራ ያጡ አባቶች ወንዶች ልጆች፣ አድገው ሥራ ሲይዙ ዓመታዊ ገቢያቸው ከእኩዮቻቸው በ9 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። ልጁ ፋብሪካው ሲዘጋ ገና ተማሪ ነበር፤ እዳው ግን በርሱም ስም ተጽፏል።

ገና ሥራ ያልያዘው ወጣትስ? በዚያው በካናዳ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን የተከታተለ ሌላ ጥናት፣ በድቀት ዓመት ተመርቆ የወጣ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢው በ9 በመቶ ያህል እንደሚያንስ፣ ልዩነቱ በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስና በአሥር ዓመት ገደማ እንደሚጠፋ ያሳያል። ከፍተኛ ክፍያ ካለው ትምህርት ቤትና የሙያ ዘርፍ የወጡት ከድርጅት ወደ ድርጅት እየተሸጋገሩ ቶሎ ሲያገግሙ፣ ከዝቅተኛው እርከን የተነሡት ግን ዘላቂ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ጠባሳውም የመደብ ልዩነት አለው ማለት ነው።

«ድቀት ያጠራል» ለሚሉት መልስ

ይህን ሁሉ እያወቁ ድቀትን የሚያወድሱ አሉ። ኦስትሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዮሴፍ ሹምፔተር በ1942 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ካፒታሊዝም አሮጌውን እያፈረሰ አዲሱን የሚገነባ ሥርዓት መሆኑን ገልጾ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ይህን ሐሳብ እየተመረኮዙ፣ ድቀት ደካማ ድርጅቶችን ጠራርጎ ሠራተኛውን ወደ ተሻለ ሥራ የሚመራ መጥረጊያ ነው ይላሉ። የፔንስልቬንያ የብረት ፋብሪካዎችም አርጅተው፣ ከውጭ አገር ብረትና ከአዳዲስ ትንንሽ ፋብሪካዎች ጋር መወዳደር አቅቷቸው ስለነበር፣ ድቀቱ ባይመጣም መውደቃቸው አይቀርም ነበር ብለው ይከራከራሉ።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ያረጀ ፋብሪካ ለዘላለም ይኑር የሚል አስተዋይ ሰው የለም። ነገር ግን ድቀት ሠራተኛውን ወደ ተሻለ ሥራ ይመራው ቢሆን ኖሮ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ገቢው በሩብ ያህል አንሶ ባልተገኘ ነበር። አሮጌው ፋብሪካ መዘጋት ካለበትም፣ ሌላ ሥራ በሞላበት ዓመት የሚዘጋና በር ሁሉ በተዘጋበት ዓመት የሚዘጋ አንድ አይደሉም፤ ከላይ እንዳየነው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ነው።

ካርል ማርክስ በ1867 ባሳተመው የ«ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ፣ ሥራ አጦች ለከበርቴው እንደ ተጠባባቂ ሠራዊት እንደሚያገለግሉ፣ በሥራ ላይ ያሉትንም ደመወዝ ወደ ታች እንደሚጫኑ አስረድቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1986፣ የማርክስ ተከታዮች ያልሆኑት ኦሊቪየ ብላንሻርና ላውረንስ ሰመርስ የአውሮፓን ሥራ አጥነት ሲመረምሩ፣ ከፍተኛ ሥራ አጥነት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ራሱን በራሱ እንደሚያጸና ጽፈዋል። በሐሳብ እጅግ የተራራቁ ሰዎች በአንድ ነጥብ ተገናኝተዋል፤ ይኸውም ገበያ ሲያንሠራራ ሠራተኛውን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል የሚለው እምነት ዋስትና የሌለው መሆኑ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ጉዳቱ በዋነኛነት የሚመነጨው በሠራተኛውና በሥራው መካከል ያለው ትስስር ከመበጠሱ ከሆነ፣ መፍትሔውም መፈለግ ያለበት ትስስሩ ሳይበጠስ ነው። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የምትሆነው ጀርመን ናት። በዚያች አገር «ኩርትስአርባይት» የተባለ የአጭር ሰዓት ሥራ ሥርዓት አለ። ገበያ የቀዘቀዘበት ድርጅት ሠራተኛውን በማሰናበት ፈንታ የሥራ ሰዓቱን ይቀንሳል፤ ከጎደለው ደመወዝ አብዛኛውን የመንግሥት የሥራ አጥነት መድን ይተካለታል። በ2009 የጀርመን ምርት ከ5 በመቶ በላይ ሲወድቅ፣ 1.5 ሚልዮን ያህል ሠራተኞች በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበሩ፤ የሥራ አጡ ቁጥርም እምብዛም አልጨመረም። የአሜሪካ ምርት የወደቀው በ4 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ሥራ አጥነቷ ግን ከ5 ወደ 10 በመቶ እጥፍ ሆነ።

እርግጥ ይህ ሥርዓት የሁሉም በሽታ መድኃኒት አይደለም። የሚያድነው ገበያው ተመልሶ የሚመጣለትን ፋብሪካ ነው፤ ዘመኑ ያለፈበትን ፋብሪካ ሊያስነሣ አይችልም፤ እንዲያውም ሠራተኛውን በሚሞት ድርጅት ውስጥ አስሮ ሊያቆየው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያስፈልገው ከመዘጋቱ አስቀድሞ የሚነገር ማስጠንቀቂያ፣ በደመወዝ የሚሰጥ አዲስ ሙያ ሥልጠናና በአዲሱ ሥራ የሚጎድልበትን የሚደጉም ክፍያ ነው። የሁለቱም መንገዶች መርሕ ግን አንድ ነው፤ የድቀቱን ሸክም በአንድ ትከሻ ላይ ከመጣል ይልቅ ለብዙ ትከሻ ማከፋፈል።

ጉዳዩ እኛን ይመለከታልን?

በአገራችን የሥራ አጥነት መድን የለም። ሥራውን ላጣ ሠራተኛ ሕጉ የሚሰጠው የአንድ ጊዜ የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የሠላሳ ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ እየታከለ ከአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ ሳያልፍ ይታሰባል። በሠራተኛ ቅነሳ ለተሰናበተ ደግሞ የስድሳ ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። እንግዲህ አሥር ዓመት አገልግሎ በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ የሚይዘው የስድስት ወር ደመወዝ ያህል ነው። ይህ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ጊዜ ይገዛል፤ ዓመታት ለሚፈጅ የገቢ ጉድለት የተዘጋጀ ግን አይደለም። ከሕጉ ጥላ ውጭ ለሚገኘው ለቀን ሠራተኛው፣ ለጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ለቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ይህም የለም።

በሰው አገር ያሉት እኅቶቻችን የደረሰባቸው ከዚህ የከፋ ነው። ሊባኖስ ከ2019 ጀምሮ በከባድ የገንዘብ ቀውስ ስትመታ፣ በአገሪቱ የሥራ ሕግ ያልተካተቱት የቤት ሠራተኞች የመጀመሪያዎቹ ሰለባዎች ሆኑ። በሰኔ 2020 ብዙ ኢትዮጵያውያት ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው በአሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ታይተዋል። የደሞዛቸው መቅረት ለእነርሱ ብቻ ሳይሆን በአገር ቤት የእነርሱን እጅ ይጠብቅ ለነበረው ቤተሰብ ሁሉ የተስፋ መቋረጥ ነበር።

በሌላ በኩል፣ ትስስሩ ሳይበጠስ መያዝ እንደሚቻል የሚያመለክት ተሞክሮ በአገራችንም አለ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮናን ወረርሽኝ ለመከላከል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ፣ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከልክሎ ነበር። ክልከላ ግን ለአጭር ጊዜ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ገቢ የሌለው ድርጅት በትእዛዝ ብቻ ደመወዝ ሊከፍል አይችልምና። ክልከላውን የሚደግፍ፣ በደኅናው ዘመን በትንሽ በትንሹ ተዋጥቶ በክፉው ቀን የሚከፈል የጋራ ገንዘብ ከሌለ፣ ሸክሙ ዞሮ ዞሮ ከሠራተኛው ትከሻ ላይ መውደቁ አይቀርም።

በአጠቃላይ፣ የድቀት እውነተኛ ዋጋ የሚለካው በጠፋው የሩብ ዓመት ምርት ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ በሚቆጠሩት የሠራተኛው ዓመታት ነው። ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲጨምር፣ የድርጅት ቦርድ ቅነሳ ሲወስን፣ መንግሥት በጀት ሲያጥፍ፣ በሒሳቡ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ይህ የረጅም ዘመን እዳ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በአብዛኛው ሳይቆጠር የሚታለፈው ይኸው ነው። የሠራተኛ ማኅበራትም በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ፣ ስለ ስንብት ክፍያው መጠን ብቻ ሳይሆን ስንብቱ ሳይመጣ ሰዓት ስለመጋራት፣ ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያና ስለ ሙያ ሥልጠና አጥብቀው ሊከራከሩ ይገባል። ምርት ባንሠራራ ማግሥት ድቀቱን የሚረሱት፣ ውሳኔውን የወሰኑት ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።